ሞርሳ ላይ የተጣመመው ስድስት ጎራሽ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ያለ አንድ የጥበቃ ድርጅት ካሉት መሣሪያዎች አንዱ በ.38 ስፔሻል ጥይት የሚሠራ አሮጌ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበር። በተኩስ ልምምድ ቀን ከቆየ ክምችት የወጣ ጥይት እንደ ወትሮው ሳይጮኽ «ጢስ» ብሎ ቀረ። ተኳሹ ከሸፈ ብሎ ቀጣዩን ተኮሰ። የፊተኛው አረር ግን ባሩዱ ደክሞ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር፤ የኋለኛው ሲገጨው አፈሙዙ መሐል ላይ እንደ ቀለበት አበጠ።

እንዲህ ያለ እብጠት ከውጭ ሲታይ እምብዛም አያስታውቅም። ካዝናው፣ ማለትም ስድስቱን ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ፣ ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ ወደ ብርሃን ሲያዩበት ጠመዝማዛ ቦዮቹን የሚያቋርጥ ጥቁር ቀለበት ይታያል። ዘይት የነካ ጨርቅ በዘንግ ሲገፋበትም ጠበቅ ብሎ ይሄድና እዚያች ቦታ ላይ ድንገት ይላላል። መድኃኒቱ አፈሙዙን መለወጥ ነው፤ ሌላ የለውም።

የንብረት ክፍሉ ትክክለኛውን አፈሙዝ በሕጋዊ መንገድ ካገኘ በኋላ ሽጉጡን የወሰደው ከተማው ውስጥ ወዳለ ብረታ ብረት ቤት ነው። የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሠራተኛው እጁ የተመሰከረለት ነበር። ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ አካባቢው የብረት ባለሙያ አጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ምርጫው ለሰሚው ሞኝነት አይመስልም። ይሁንና አፈሙዝ ሲለወጥ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ቶርኖ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ብረቱን ጨምድዶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ነው።

ሠራተኛው የሽጉጡን ገላ፣ ማለትም ምላጩም መምቻውም ካዝናውም የሚያርፉበትን ዋና አካል፣ እንዳለ ሞርሳ ውስጥ አስገብቶ አጠበቀ። አፈሙዙን በጁራቱቦ (በቧንቧ መፍቻ) ያዘና የጁራቱቦው እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰካበት። ብረቱ አልላወስ አለ፤ እሱም ጨመረበት። ያላየው ነገር ነበር። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ገደማ በሠራቸው በአብዛኞቹ ሽጉጦች ላይ አፈሙዙ እንደ ብሎን በጥርስ ከታሰረ በኋላ በገላው ላይ አግድም በሚያልፍ ቀጭን ፒን ይቆለፋል። ፒኑ በፐንች ተመትቶ ካልወጣ የሚጣመመው ገላው ነው። ፒን በሌለውም ቢሆን ገላው መሐሉ ለካዝናው ተብሎ ክፍት የሆነ መስኮት ነው። ጎንና ጎኑን በልኩ የተቀረጸ መያዣ ካልደገፈው ጠምዛዡ ኃይል ወደ ጥርሱ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ይሄዳል።

አፈሙዙ ወጣ፤ ካዝናው ግን ከዚያ በኋላ ሲዘጋ መታሸት ጀመረ። ያኔ ነው ሽጉጡ ፈቃድ ወዳለው የቀድሞ የሠራዊት መሣሪያ ጥገና ባለሙያ የተወሰደው።

«ጋሼ፣ አፈሙዙ አዲስ ነው፤ መግጠም ብቻ ነው የቀረው» አለ የንብረት ኃላፊው።

«አፈሙዙን አየሁት፣ ልጄ። እኔ የምጠይቅህ ገላውን ነው። ማን ፈታው? በምንስ ያዘው?»

ባለሙያው አዲሱን አፈሙዝ በእጁ ብቻ አሰረና ካዝናውን ዘግቶ በአፈሙዙ ቂጥና በካዝናው ፊት መካከል ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) አስገባ። በግራ በኩል 0.10 ሚሊሜትር ገባ፤ በቀኝ 0.25። የአፈሙዙ ቂጥ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ መሆኑን በማዕዘን መለኪያ አስቀድሞ አይቶ ስለነበር የተጣመመው ገላው ለመሆኑ ጥርጥር አልቀረም። ሥራውን አልቀበልም አለ። መለያ ቁጥሩ ያለው ገላው ላይ ነውና ገላው ከሄደ ሽጉጡ ሄደ ማለት ነው፤ ድርጅቱም ከአገልግሎት ውጪ መሆኑን በደብዳቤ ለፖሊስ አሳወቀ።

አፈሙዝ የሚለውጥ ሰው ሲፈለግ መጀመሪያ የሚታየው ፈቃዱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ መጠገንም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለዚያ ሰጪውም ተቀባዩም ይጠየቃሉ። ቀጥሎ የሚታየው ባለሙያው ራሱ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። «38 ነው» ሲባል «የትኛው 38?» የማይል ሰው አይሆንም። የ.38 ስፔሻል አረር ስፋቱ 9.07 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን በእንግሊዞቹ ኤንፊልድና ዌብሊ የሚተኮሰው አጭሩ 38 ደግሞ 9.17 ገደማ ነው። ዌብሊማ አፈሙዙና የላይኛው ድልድዩ አንድ ብረት ስለሆነ እንደ ብሎን የሚፈታ ነገር የለውም። የሩሲያው ናጋን ካዝናው ሲተኮስ ወደፊት ተገፍቶ ከአፈሙዙ ጋር ይጋጠማል፤ እንደ ሌሎቹ ክፍተት ልተውለት ያለ ሰው አበላሸው ማለት ነው። ይህን ሳይጠየቅ የሚናገር ባለሙያ ከተገኘ ዋጋ መከራከር አያስፈልግም።

ልኩ ላይ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በዚህ መጠን ባለው ስሚዝ ላይ የአፈሙዙ ጥርስ በኢንች 36 ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር 0.7 ሚሊሜትር ያህል ያስገባል። አፈሙዙ በእጅ ሲታሰር ማነጣጠሪያው ቀጥ ብሎ ከመቆሙ 10 ወይም 15 ዲግሪ ሲቀረው መቆም አለበት፤ የቀረውን መፍቻው ይጨርሰዋል። ቀድሞ ከቆመ ገላው ላይ የሚያርፈው ትከሻ ይላጋል፤ 10 ዲግሪ ለማስኬድ የሚነሳው 0.02 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እጁ የፈጠነ ሰው ከዚያ አብልጦ ሲልግ ማነጣጠሪያው መሐሉን አልፎ ይዘማል። ወደ ኋላ መልሶ ማላላት አይቻልም፤ ያለው አማራጭ አንድ ሙሉ ዙር ማስገባት ነው። ያኔ ቂጡ 0.7 ሚሊሜትር ወደ ካዝናው ይገፋል፣ ከአፈሙዙ ሥር ያለው የካዝናው ዘንግ መያዣም አብሮ ስለሚገፋ እሱንም ማስተካከል የግድ ይሆናል። አንድ ስህተት ሦስት ሥራ ይወልዳል።

በአፈሙዙ ቂጥና በካዝናው ፊት መካከል ያለው ክፍተት ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ የሚለካውም ካዝናው ወደ ኋላ ተገፍቶ ነው። ከዚህ ሲጠብ ጥቂት ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ጥቀርሻና ሙቀት ካዝናውን ያስይዘዋል፤ ሲሰፋ እሳትና የእርሳስ ፍንጣሪ ወደ ጎን ይረጫል። ቂጡ ከተላገ በኋላ አረሩን የሚቀበለው ሾጣጣ አፍ እንደገና መከፈት አለበት። ብዙ ሰው የሚዘነጋት ይህችን ነው፤ ስትዘነጋ አፉ ጠርዙ ስለታም ሆኖ እርሳሱን ይልጠዋል።

ርክክቡ ላይ ባዶው ሽጉጥ መምቻው ተስቦ ስድስቱም የካዝናው የጥይት ቤቶች በየተራ ከአፈሙዙ ጋር መግጠማቸው በልክ ዘንግ ይታይ። ቀጥሎ ሽጉጡ በመያዣ ታስሮ ከርቀት በገመድ ስድስት አዲስ ጥይት ይተኮስበት፤ በካዝናው ግራና ቀኝ ነጭ ወረቀት ይተከል። ወረቀቱ በጥቀርሻ ቢጠቁር የክፍተቱ ጭስ ነው፤ የእርሳስ ፍንጣሪ ከበሳው ግን ሽጉጡ ለባለሙያው ይመለሳል።