የ300,000 ብሯ ጠብታ

ጅማ ላይ ኮፒ ቤት እየሠሩ ኤክስቴንሽን የሚማር ሰው ጣጣው ይኼ ነው፦ ደንበኛ የሚጎርፈውም ክላስ የሚጀመረውም 11 ሰዓት ተኩል ላይ። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ዝናቡም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አስጠራዡም፣ የራሳችን ፋይናልም ተያይዘው ይመጣሉ።

በዚያ ሰሞን የአካውንቲንግ መምህራችን ፈተና ሊያባዛ ከች አለ። 4 ገጽ፣ ፊትና ጀርባ፣ 45 ኮፒ። የኮፒ ቤቱን ባለቤት «ሀጂ፣ ይሄ የኔ ፈተና ነው፣ አልነካውም» ብዬ በረንዳ ወጣሁ። ሀጂ ያለ መነጽር ሥራውን ጀመሩት።

ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ወረቀት ነከሰ። የወረቀት ሪም ተከፍቶ ሳይሸፈን ካደረ የጅማን እርጥበት ይጠጣል፤ ቶነሩን (የማሽኑን የዱቄት ቀለም) በሚያቀልጠው የጋለ ሮለር ሲያልፍ ይጣመማል፤ ለጀርባው ገጽ ተመልሶ ሲገባ ይያዛል። የተረፈውን በፌስታል ማሰር፣ የሚጫነውን ደግሞ ሁለቱንም ጫፍ ማራገብ ነው። የተነከሰው የሚወጣው በሁለት እጅ፣ ቀስ ተብሎ፣ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። በጉልበት ከጎተቱት ይቀደድና ቁራጩ የሚቀጥለውንም ያስነክሳል። ሀጂ ጉልበት ስለሚወዱ እኔው ተጠራሁ።

መምህሩ አጠገቤ ቆሞ «ዓይንህን ጨፍነህ አውጣው» አለኝ። ጨፈንኩ። ሮለሩ የት እንዳለ ጣቴ ተቃጥሎ ነገረኝ።

የፈተናው ዕለት 3ኛው ገጽ ላይ ትራያል ባላንስ ተሰጠን፤ የግራው ዓምድ (ዴቢት) ድምር ከቀኙ (ክሬዲት) ድምር ጋር እኩል መምጣት ያለበት የሒሳብ ሠንጠረዥ ነው። ክፍሉ ላብ በላብ ሆነ፤ ዴቢቱ ከክሬዲቱ አልገጥም አለ። የኔ ልዩነት ድፍን 300,000 ብር። መቼም የተማሪ ስህተት እንዲህ አምሮበት አይመጣም! ቁጥሮቹን ደግሜ ሳያቸው ሦስቱ ፊት ለፊታቸው እንደ ፀጉር የቀጠነች 1 ቆማለች፤ ሦስቱም 1 በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ። ጥሬ ገንዘብ 112,500 ይላል።

ወደ 2ኛው ገጽ ገለጥኩ። አንድ ቃል በእስክሪብቶ ታርሟል፤ ከሥሩ ኮሬክተር፣ ነጩ ማጥፊያ ፈሳሽ! ሳይደርቅ ወረቀቱን በራሱ እየሳበ በሚያስገባው በላይኛው መጋቢ ከገባ ጠብታው ከትልቁ መስታወት ጎን ባለችው ጠባብ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ትልቁ ላይ ቢሆን መብራቱ ስለሚሄድ ነጥብ ሆኖ ይቀር ነበር። ጠባቧ ላይ ግን መብራቱ ቆሞ ወረቀቱ ነው የሚያልፈው፤ ነጥቧ ከዚያ ወዲያ ባለው ገጽ ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር ትሆናለች። ቶነር ሲመናመን ደግሞ መስመሯ ትቆራረጥና 1 ትመስላለች። አልኮል የነካ ለስላሳ ጨርቅ አንዴ ቢያልፍባት ኖሮ አርባ አምስታችንም ባላንስ አድርገን በወጣን።

እጄን አወጣሁ። «መምህር፣ ይቺ 1 አይደለችም፣ የማሽን ቆሻሻ ናት። ጥሬ ገንዘቡ 12,500 ነው።»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። መምህሩም ብዕሩን አስቀመጠ።

«ዓይንህን ጨፍነህ አልነበር እንዴ?»

«አሁን ነው የገለጥኩት፣ መምህር።»