ድምፁ እያለ ምስሉ ሲጠፋ

ባሕር ዳር በሚገኘው የአክስቴ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የተሰካው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ መሣሪያ ሶፍትዌሩ በራሱ ከታደሰ በኋላ ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ ጨለመ። አክስቴ መሣሪያው ተቃጥሏል ብለው ደምድመው ነበር፤ ድምፅ እስካለ ድረስ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የምስል ቅንብሩ ነው።

እንዲህ ያለው ችግር ሊፈጠር የሚችለው ማሻሻያው የምስል ጥራቱን ወደ 4ኬ (እጅግ ከፍተኛ የምስል ጥራት)፣ በሰከንድ ወደ 60 ምስል፣ ከፍ ሲያደርገው ነው። ይህን ለማስተላለፍ ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያስተላልፈው መስፈርት) 2.0 ያስፈልጋል፤ የቀድሞው 1.4 ግን በዚህ ጥራት በሰከንድ ከ30 ምስል ብዙም የማያልፍ በመሆኑ፣ ቴሌቪዥኑ ወይም ገመዱ አሮጌ ከሆነ ስክሪኑ ይጨልማል ወይም ብልጭ ድርግም ይላል።

ስለዚህ መሣሪያውንም ቴሌቪዥኑንም ከመብራት ነቅሎ ገመዱን እንደገና መሰካት ይቀድማል፤ መሣሪያውና ቴሌቪዥኑ ስለ ጥራቱና ስለ ቅጂ መከላከያው እንደ አዲስ የሚግባቡት ያን ጊዜ ነውና። ይህ ካልሠራ፣ እኛ እንዳደረግነው፣ መሣሪያውን በጎረቤት ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ ጥራቱን ወደ 1080ፒ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ምስሉ ተመልሶ ቀለሙ ከደበዘዘ ኤችዲአርን (የብርሃንና የቀለም ስፋትን የሚጨምረውን ቅንብር) ማጥፋት ነው።

ኃይሉን ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ የሚወስድ መሣሪያም ይጠርጠር፤ የዩኤስቢ 2.0 መደበኛ አቅም 500 ሚሊአምፔር ብቻ ስለሆነና ለመሣሪያው ላይበቃ ስለሚችል፣ ከራሱ ቻርጀር ጋር ግድግዳው ላይ መሰካት ይሻላል።

አንዳንድ ጠጋኞች የሚቸኩሉበትን፣ ሁሉንም አጥፍቶ ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስን፣ እኔ ከሁሉም በኋላ አደርገዋለሁ፤ አካውንቶቹን ይሰርዛል፣ መተግበሪያዎቹን መልሶ ለማውረድም የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል።