ስኮመር፦ እግር ከመንገድ የማይወጣባት ደሴት

ጀልባው ላይ ከመውጣታችን በፊት ቦርሳችሁን ክፈቱ ተባልን። ኤርፖርት እንዳይመስላችሁ። ማርቲንስ ሄቨን የምትባል፣ በዌልስ ምዕራባዊ ጫፍ ያለች ትንሽ የባሕር ዳርቻ ናት። የሚፈለገው አይጥ ነበር።

እኔና የ14 ዓመቷ ልጄ ስኮመር ደሴት ላይ ልናድር ነው። ሱቅ ስለሌለ ምግቡንም መኝታውንም ተሸክመን ሄደናል። ቦርሳዬ ውስጥ እናቷ የሠራችልን ዳቦ ቆሎ አለ፣ በፌስታል የታሰረ። ፈታሿ ወጣት ፌስታሉን አገላብጣ አየችና ጥግ ላይ ያለች ቀዳዳ አሳየችኝ። «ይቺ ለአይጥ በር ናት» አለችኝ። ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ዕቃ አምጥታ ሰጠችኝ፣ ዳቦ ቆሎውን ገለበጥኩት።

የነገሩን ክብደት ለማወቅ ወደ ደቡብ ራቅ ብላ ያለችውን ለንዲ ደሴትን ማሰብ ይበቃል። እዚያ አይጥ በመርከብ ገብቶ እንቁላልና ጫጩት ሲበላ ኖረ። ፓፊን የሚባሉት ወፎች ተመናምነው በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። ከ2002 እስከ 2004 ድረስ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አይጦቹን በመርዝ አጠፏቸው። በ2006 ደሴቷ ከአይጥ ነጻ ናት ተባለ። ዛሬ የለንዲ ፓፊኖች ከ1,000 በላይ ናቸው። ስኮመርን ግን ይህ ዓይነቱ አይጥ ረግጧት አያውቅም። ያ እንዲቀጥል ነው ዳቦ ቆሎዬ የተፈተሸው።

ባሕሩን ለመሻገር ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ደሴቷ ስትቀርብ ውሃው ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ በዛ። «አባዬ፣ ሁሉም ወፍ ናቸው!» አለች ልጄ። እውነቷን ነው።

ከመውረጃው 87 ደረጃ ወጣን። ላይ ስንደርስ የደሴቷ ጠባቂ ሰብሰብ አድርጎ አስቀመጠን። ብዙ አላወራም። የምትረግጡት መሬት ውስጡ ክፍት ነው አለን። ፓፊኖቹ በራሳቸው የቆፈሩት፣ ጥንቸል ቆፍሮት የወረሱት፣ ከላይ ሣር የሸፈነው ጉድጓድ ሞልቷል። ከመንገዱ አንድ እርምጃ የወጣ ሰው ጣራውን ይደረምሳል። ስር ያለችው እናት ከነእንቁላሏ ትቀበራለች።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ደሴት ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የጣና ገዳማት ናቸው። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስንሄድ፣ በሩ ጋ ስንደርስ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ጫማችንን እናወልቅ ነበር። እዚህ ጫማ አልወለቀም። ሰዉ ግን ንግግሩን ሲሰማ ሳያስበው እግሩን ሰብስቦ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ዊክ ወደሚባለው ገደል ሄድን። እዚያ መንገዱ በፓፊኖቹ ሰፈር መካከል ያልፋል። ፓፊን ከእርግብ ብዙም አትበልጥም። እግሯ ብርቱካናማ ነው፣ ምንቃሯ ደግሞ ቀለም የተቀባ ይመስላል። የባሕር በቀቀን የሚሏትም ለዚህ ነው። ያ ድምቀት የመውለጃ ወቅት ጌጥ ነው። የብርዱን ወራት አትላንቲክ ላይ ስታሳልፍ የምንቃሯ ሽፋን ረግፎ ትደበዝዛለች። በዓመት የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። አንዷ ከጠፋች የዓመቱ ልፋት ሁሉ ጠፋ ማለት ነው።

አንዲት ፓፊን ከባሕር መጣች። አፏ ውስጥ ሳንድ ኢል የሚባሉ ቀጫጭን ዓሦች ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል፣ እንደ ብር ጺም። ልጄ ሰባት ቆጠረች። ፓፊኗ ግን አላረፈችም። ዞረች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ዞረች። ለካ አንድ ሰውዬ ካሜራውን ተክሎ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተንበርክኳል። ጉድጓዷ ከጀርባው ነው። ከመንገዱ አልወጣም፣ ምንም ያጠፋ አልመሰለውም። እኔም ብሆን አላስተውልም ነበር። አንዲት በጎ ፈቃደኛ ቀስ ብላ መጥታ «ትንሽ ፈቀቅ ይበሉላት፣ ልጇ እየጠበቃት ነው» አለችው። ሰውዬው ደንግጦ ተነሣ። ፓፊኗ ዱብ ብላ አረፈችና በእኛ እግርና በእሱ መካከል ሮጣ ጉድጓዷ ገባች። ሲጋል የሚባሉ የባሕር ወፎች ዓሣውን ሊቀሟት አጠገቧ ቆመው ነበር። እያንዳንዷ የመዘግየት ደቂቃ ለእነሱ ናት።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ቆጠራ እዚህ ከ40,000 በላይ ፓፊን አሳይቷል። በዓለም ደረጃ ግን ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚባሉት መካከል ናቸው። ደሴት ቢጠበቅም ባሕሩ ዓሣ ካልሰጠ ጫጩት አያድግም። እንግሊዝና ስኮትላንድ በ2024 በሰሜን ባሕር በኩል ሳንድ ኢል ማስገርን መከልከላቸው ለዚህ ነው። ደግ አደረጉ እላለሁ።

ገደሉ ላይ ደግሞ ጊለሞት የሚባሉ የባሕር ወፎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ቲም በርክሄድ እነሱን እዚህ ማጥናት የጀመሩት በ1972 ነው። አንድ ጊዜ የመንግሥት ድጋፍ ሲቋረጥ ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ ሥራውን አስቀጠለው። ዓመት እየጠበቁ ተመሳሳይ ገደል መቁጠር ለሚያየው ሰው አሰልቺ ይመስላል። ግን ቆጠራ ከሌለ መቀነሳቸውንስ ማን ያውቃል? ስለ ጥበቃ ሲወራ ይህ ሥራ ተረስቶ ይቀራል፣ ያሳዝነኛል።

ማታ ያደርነው ደሴቷ መካከል ባለ አሮጌ የእርሻ ቤት ነው። ዳቦ ቆሎውን ከሌሎቹ እንግዶች ጋር ተካፈልን። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ቀይ መብራት ያለው ባትሪ ይዘን ወጣን። ጨረቃ አልነበረችም። እንዲያውም ጨለማ ይሻላል ብለውናል።

የምንጠብቀው ማንክስ ሺርዋተር የሚባሉትን የባሕር ወፎች ነበር። ስኮመር ላይ ወደ 350,000 ጥንድ ይኖራሉ። ጎረቤቷን ስኮክሆልምን ጨምሮ የዓለም ግማሽ ያህሉ እዚሁ አካባቢ ይፈለፈላል። ቀን ሙሉ ስንዞር ግን በሕይወት ያለ አንድም አላየንም። ያየነው መንገድ ዳር የወደቀ ክንፍ ነው፣ አጥንቱ የተጋጠ። እግራቸው ወደ ኋላ የተተከለ ስለሆነ ለዋና እንጂ ለመሬት አልተሠራም። ቀን ብቅ ካሉ ጥቁር ጀርባ ያላቸው ትልልቅ ሲጋሎች ይበሏቸዋል። ስለዚህ አንደኛው ከመሬት በታች እንቁላሉን ታቅፎ ይቀመጣል፣ ሌላኛው ባሕር ላይ ውሎ በጨለማ ይመለሳል።

መንገድ የማወቃቸው ነገር ያስደንቃል። በ1952 ከስኮክሆልም አንዷን ወስደው በአውሮፕላን አትላንቲክን አሻግረው ቦስተን ላይ ለቀቋት። በ12 ቀን ተኩል ተመልሳ ጉድጓዷ ውስጥ ተገኘች። ጫጩቱ ደግሞ የሙቀቱ ወራት ሲያበቃ ወላጆቹ ትተውት ከሄዱ በኋላ ብቻውን ተነሥቶ እስከ ብራዚልና አርጀንቲና ባሕር ይበራል። ይህን ለልጄ ስነግራት «መንገዱን ማን ያሳየዋል?» አለች። ማንም፣ አልኳት። ዝም አለች።

ከዚያ ድምፁ ጀመረ። የታነቀ አውራ ዶሮ የሚመስል፣ የሚንቋረር ጩኸት። መጀመሪያ ከላይ፣ ቀጥሎ ከግራ፣ ቀጥሎ ከመሬት ስር። አየሩ በክንፍ ተሞላ፣ አንዱ ጆሮዬን በነፋስ ዳብሶኝ አለፈ። ዱብ፣ ዱብ ይላሉ ሣሩ ላይ፣ ልክ ማንጎ ከዛፍ እንደሚወድቀው። ለመራመድ ፈራን። እያንዳንዷን እርምጃ በቀዩ መብራት ፈትሸን ነው የምናነሣው።

«አባዬ፣ አትንቀሳቀስ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ከፊቷ አንዲት ሺርዋተር መንገዱ ላይ ነበረች። ጀርባዋ ጥቁር፣ ደረቷ ነጭ። መቆም ስለማትችል በደረቷ እየተሳበች፣ በክንፎቿ ጫፍ መሬቱን እየገፋች ትሄዳለች። ትንሽ ትሳብና ታርፋለች። ትንፋሿ ሲወጣና ሲገባ ጎኗ ላይ ይታያል። ልጄ ልትራመድ ያነሣችውን እግር መልሳ አላሳረፈችም። በአንድ እግሯ ቆማ ክንዴን ጨበጠች። ወፏ በጫማዋ ስር አልፋ ሣሩ ውስጥ ገባች፣ አንዴ ጮኸች። ከመሬት ስር ሌላ ድምፅ መለሰላት።