«ቢ» አይደለም

ዛሬ ፍራንክፈርት ውስጥ አንድ አዲስ መጪ ስልኩ ላይ አድራሻ ቢያስገባ ቢያስገባ ካርታው አላገኝ አለው። ለካ «ሽትራሰ» (ጎዳና) የሚለው ቃል ውስጥ ያለውን የጀርመንኛ ፊደል ß በላቲኑ ቢ (B) ጽፎ «ሽትራበ» አድርጎታል። አይፈረድበትም፣ ቁርጥ ቢን ነው የሚመስለው። ልዩነቱ እግሩ ላይ ነው፤ ቢ ከታች ይዘጋል፣ ይሄኛው ክፍት ነው።

ስሙ ኤስጼት፣ ድምፁ «ስ» ብቻ። ቃል አይጀምርም። በእሱና በድርብ ኤስ መካከል ሲመረጥ፣ ከ1996ቱ የአጻጻፍ ማሻሻያ ወዲህ፣ ከረጅም ወይም ከጥንድ አናባቢ በኋላ ኤስጼት፣ ከአጭር በኋላ ድርብ ኤስ ነው። «ማሰ» ተስቦ ሲነበብ ልኬቶች፣ ባጭሩ ሲነበብ ግን መጠነ ቁስ ማለት ነው። እኛ በዓሉን «ገና»ንና «ገና አልመጣም»ን አንድ አድርገን ጽፈን አንባቢው ይጨነቅበት እንላለን (በተለምዶ ጥብቀትን በምልክት አናሳይማ!)፤ እነሱ እዚያው ፊደሉ ላይ ይነግሩሃል።

በጀርመን ኪቦርድ ከዜሮ ቀጥሎ በስተቀኝ ነው። ስልክ ላይ ኤስን ተጭኖ መያዝ። ካልተገኘ ድርብ ኤስ ይጻፍ፤ ስዊዞች ጭራሽ ትተውት በዚያው ይኖራሉ። ፓስፖርት ግርጌ ያለው በማሽን የሚነበብ መስመርም ስሙን በድርብ ኤስ ነው የሚያወጣው። የአውሮፕላን ትኬት ላይ በቢ ከተጻፈ ግን የሌላ ሰው ስም ሆነ ማለት ነው።