ሰንጢ የሚደክመው ከማጠፊያው ነው

የምሠራው በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ በሚገኙ የአትክልት እርሻዎች የጠብታ መስኖ መስመር በመዘርጋት ነው። ከኪሴ የማይለየው መሣሪያ ሰንጢ ነው፤ የፕላስቲክ ቧንቧ እቆርጥበታለሁ፣ የቃጫ ገመድ እበጥስበታለሁ፣ ከረጢት እከፍትበታለሁ። ሰው ሰንጢ ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣቱን ስለቱ ላይ አሳርፎ ይፈትሽና ረክቶ ይከፍላል። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው ማጠፊያውን ነው፤ የዶለዶመ ስለት በድንጋይ ተስሎ ይመለሳልና፣ የላላ ማጠፊያ ግን ከእነ ጉዳቱ እጅ ውስጥ ይቆያል።

የስምጥ ሸለቆ አፈር ለዚህ ፈተና የተዘጋጀ ይመስላል። በውስጡ ያለው ከእሳተ ገሞራ የወጣ የቀላል ድንጋይ ብናኝ በባሕርይው መስታወት በመሆኑ፣ በማጠፊያው ምስማር ዙሪያ ሲገባ ሰንጢው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይፍቀዋል።

ይህን የተማርሁት በጉዳት ነው። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት የያዝሁት ሰንጢ፣ እጀታው ውስጥ ያለች ስስ ብረት እንደ ሞላ ወደ ጎን ተወርውራ ከስለቱ ግርጌ ስትደገፍ የሚቆለፍ ነበር። አንድ ቀን ቧንቧ ለመብሳት ጫፉን አጥብቄ ስገፋ መቆለፊያው ከቦታው ሸሸና ስለቱ በአመልካች ጣቴ ላይ ታጠፈ። በኋላ ፈትቼ ስመለከተው ስሷ ብረት ጫፏ ተበልቶ፣ ከሥሯም አቧራ ተጠቅጥቆ አገኘሁ። ይህ ዓይነቱ መቆለፊያ በጥሩ ባለሙያ ሲሠራ አስተማማኝ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ደኅንነቱ በጣም ትንሽ በሆነ የብረት ንክኪ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በአቧራማ ሥራ ላይ አልመርጠውም።

ከዚያ ወዲህ አብዝቼ የምጠቀምበት ኦፒኔል ቁጥር 8 ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል ይህን ሰንጢ በፈረንሳይ ሳቯይ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1890 ሲሆን፣ ስለቱን የሚቆልፈው ተሽከርካሪ የብረት ቀለበት የተጨመረው በ1955 ነው። ቀለበቱ ከውጭ ስለሚታይ ሰንጢው መቆለፉን በአንድ እይታ አረጋግጣለሁ፤ አቧራ ቢገባበትም በጨርቅ ይጠረጋል። 8.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ስለቱ ስስ በመሆኑ ቧንቧውን ሳይጨመድድ ይቆርጠዋል። የእጀታው እንጨት ውኃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ ስለቱ አልወጣም ይላል፤ መፍትሔው የእጀታውን ጫፍ ጠንካራ ነገር ላይ መታ ማድረግ ነው። የሚዝገው ዓይነት ስለት ሎሚና ሽንኩርት ሲነካው ይጠቁራል። ይህ ጥቁረት ቀዩን ዝገት የሚያዘገይ በመሆኑ ፈግፍጎ ማስለቀቅ አያስፈልግም።

የስዊዙ ቪክቶሪኖክስ ጉዳይ ሌላ ነው። ካርል ኤልዝነር እ.ኤ.አ. በ1897 ካስመዘገበው የመኮንኖች ሰንጢ የመጣው ባለ 91 ሚሊ ሜትሩ ዓይነት ጨርሶ መቆለፊያ የለውም፤ ስለቱን የሚይዘው የጀርባ ሞላ ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ እጅ ጫፉን ወደ ፊት አይገፋም፣ ስለዚህ በእኔ ግምት ከማያስተማምን መቆለፊያ ይሻላል። ብረቱ ለስለስ ያለ በመሆኑ ቶሎ ይደንዛል፣ ጠጠር ሲነካ ግን ከመሸረፍ ይልቅ ይታጠፋል፤ በድንጋይ ጥቂት ጊዜ ሲሳልም ይመለሳል። ማጠፊያው በምስማር የተጠረቀ ስለሆነ ሲላላ በመፍቻ ማጥበቅ አይቻልም።

ለከባድ ገመድ ግን የአሜሪካኑን በክ 110 የሚተካከለው አላየሁም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ይህ ሰንጢ በጀርባው በኩል የሚቆለፍ ሲሆን፣ በሞላ የሚገፋ ወፍራም ብረት ከስለቱ ግርጌ በተቆረጠ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይይዘዋል። ጫፎቹ ናስ በመሆናቸው ክብደቱ ወደ 200 ግራም ይጠጋልና ለኪስ አይመችም፤ በቀበቶ በአፎት ይያዛል። ጎድጓዳው አፈር ከሞላበት መቆለፊያው በሙሉ ስለማይወርድ በቀጭን እንጨት እጠርገዋለሁ።

ከሦስቱ አንዱንም ለመፈልቀቂያ አልጠቀምበትም። ስለት ወደ ታች ሲጫኑት የሚችለውን ኃይል ወደ ጎን ሲያጣምሙት አይችልም፤ ያ ጫና ሁሉ የሚያርፈው በአንዲት ምስማር ላይ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ሰንጢዎቹን ከፍቼ ስለታቸውን በጀርባቸው በኩል ይዤ ወደ ግራና ቀኝ እወዘውዛቸዋለሁ። ቪክቶሪኖክሱንና በክ 110ን ለብ ባለ ውኃ አጥቤ ካደረቅሁ በኋላ ማጠፊያቸው ላይ አንዳንድ ጠብታ ዘይት አደርጋለሁ፤ ኦፒኔሉን ግን በደረቅ ጨርቅ ብቻ እወለውለዋለሁ።