ዚንኩ የት ሄደ?

ጎንደር ውስጥ ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ቀን ቀን ክፍል እገባለሁ፤ ማታ ማታ ከማስተርስ ተማሪዎቼ ጋር ኮምፒውተር ላይ መድኃኒት እንፈልጋለን። እንዲህ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። በእኛ አቅም ሥራው የኢንዛይሙን ቅርጽ ከኢንተርኔት አውርዶ፣ ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ እያስጠጉ የትኛው ደህና እንደሚገጥም ማየት ነው። ዶኪንግ እንለዋለን። መብራት ካለ ነው ታዲያ።

ያኔ አንዷ ተማሪዬ የያዘችው ኤሲኢ የሚባለውን የደም ግፊት ኢንዛይም ነበር። ቤቱ ኢናላፕሪል የሚውጥ ሰው ያለበት ሁሉ ሳያውቀው ያውቀዋል፤ ክኒኑ የሚያግደው እሱን ነው። እሷ ደግሞ ሰው ለግፊት ብሎ እያፈላ በሚጠጣቸው ቅጠሎች ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎችን ሰብስባ ታወዳድራለች።

ውጤቱ ሲመጣ ፈነደቅን። አንዱ የቅጠል ሞለኪውል ከሁሉም በልጦ ኢንዛይሙ ሆድ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ለማነጻጸሪያ የገባው የታወቀው የግፊት መድኃኒት ካፕቶፕሪል ግን መጨረሻ ወጣ።

«ዶክተር፣ ካፕቶፕሪል እንዴት መጨረሻ ይወጣል? ሰው የሚድንበት መድኃኒት አይደል?» አለችኝ።

«ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ነው። ፕሮግራሙ ለትልልቆቹ ያደላል» አልኳት።

ውሸት አልነገርኳትም፤ ፕሮግራሙ በእርግጥ ያደላል። ግን ያቺን መልስ ጥያቄዋን ለመዝጋት ነው የተጠቀምኩባት። ደስታዬን እንድትነካብኝ አልፈለግሁም።

በሳምንቱ ክፍል ውስጥ የካፕቶፕሪል ታሪክ ተራ ደረሰ። በጣም የምወደው ትምህርት ነው። የብራዚል እፉኝት የነደፈችው ሰው ግፊቱ ይወርዳል። በመርዟ ውስጥ ኤሲኢን የሚያግዱ አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች ተገኙ፤ ግን በአፍ ቢወሰዱ አይሠሩም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስኩዊብ በሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ኩሽማንና ኦንዴቲ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በክኒን የሚዋጥ ነገር ፍለጋ ተነሱ። የኤሲኢን ቅርጽ ያየ ሰው ገና አልነበረም። የሚያውቁት በሥራ የሚመስለውን ሌላ ኢንዛይም ነው፤ ከላም ቆሽት የሚገኘውን ካርቦክሲፔፕቲዴዝ ኤ። የእሱ መሥሪያ ቦታ ላይ ዚንክ የሚባለው ብረት አለ። «የኛውም እንደሱ ቢሆንስ?» ብለው በግምት ንድፍ አወጡ። በኋላ ሞለኪውሉ ጫፍ ላይ ዚንኩን ጨምድዶ የሚይዝ ሰልፈር ሰኩበት። ካፕቶፕሪል ማለት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የሰው ኤሲኢ ቅርጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ዚንኩም እንደገመቱት እዚያው ተቀምጦ ተገኘ።

ጠመኔዬን አስቀምጬ «ኑ አሁን በዓይናችሁ እዩት» አልኩና ፕሮጀክተሩን አበራሁ። የተማሪዬን ፋይል ከፈትኩ። ኢንዛይሙን አዞርኩት። ደግሜ አዞርኩት። ዚንኩን የሚይዙት ሦስቱ የኢንዛይሙ ክፍሎች፣ ሁለቱ ሂስቲዲኖችና ግሉታሜቱ፣ አሉ። መሀላቸው ባዶ ነው።

ከኋላ አንዱ «መምህር፣ ዚንኩ የት ሄደ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ተማሪዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አልሳቀችም።

ነገሩ በዚያው ሰዓት ገባኝ። የወረደ ፋይል ውስጥ የፕሮቲኑ አተሞች «አተም» በሚል መስመር ይጻፋሉ። ውሃው፣ አብሮ የተያዘው መድኃኒት፣ ብረታ ብረቱ ሁሉ «ሄትአተም» በሚል ይገባል። ሁለተኛውን ሁሉ ሰርዙ የሚለውን መመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፋይሉንም አዘጋጅቼ «ክሊን ፋይናል» ብዬ የሰጠኋት እኔ። ውሃውን ላጸዳ ብዬ ዚንኩን አብሬ ደፋሁት። ያ የቅጠል ሞለኪውል አንደኛ የወጣው የዚንኩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

ሰዎቹ ሳያዩት ዚንክ አለ ብለው ተነሱ። እኛ እያየነው ሰረዝነው።

የላቦራቶሪያችን ጋሼ ሲሰሙ «ጠላ ልትጠምቁ ተነስታችሁ ጌሾውን ገለባ ነው ብላችሁ ጣላችሁትና!» አሉ። እሳቸው ዶኪንግ አያውቁም፤ ከእኔ ግን በተሻለ አስረዱት።

ከዚያ ፒያሳ ወርደን ቡና አዘዝን። ይቅርታ ጠየቅኳት። «መጀመሪያ ስጠይቅዎት ግን...» አለችና ተወችው። ብትጨርሰው ይሻለኝ ነበር።

ሁሉንም ከዚንኩ ጋር እንደገና ሠራችው። አንደኛ ወጥቶ የነበረው የቅጠል ሞለኪውል ወደ መሀል ወረደ። ካፕቶፕሪልም ቢሆን አንደኛ አልወጣም፤ ፕሮግራሙ ዚንክና ሰልፈር እንዴት እንደሚጨባበጡ በደንብ አይረዳም። ያንንም ጽፋ አስገባች። መመረቂያዋ አንድ ወር ዘገየ።

«ክሊን ፋይናል» የሚለውን ፋይል አላጠፋሁትም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምከፍትለት እሱን ነው፤ ምንም አልናገርም። አብዛኞቹ ቀለሙን ያደንቃሉ። ባለፈው አንዷ ግን ስታገላብጠው ቆየችና ጣቷን ስክሪኑ ላይ አስቀመጠች።

«እነዚህ ሦስቱ ምን ይዘው ነው እንዲህ ፊት ለፊት የተፋጠጡት?»