32 ሰከንድ ዝምታ

ለቢሮው ስልኮች ተጠባባቂ ሰርቨር (ጥሪዎችን የሚያገናኝ ኮምፒውተር) የገጠምኩ ቀን ለጥ ብዬ ተኛሁ። ዋናው ቢወድቅ ሁለተኛው ይረከባል፤ አለቀ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ዋናው ሰርቨር ጸጥ አለ። ተጠባባቂው ምንም ሳይሆን ቁጭ ብሏል። ሥራ ግን ቆመ። እንግዳ ተቀባይዋ ጋ ሮጬ ሄድኩ። ቁጥር ትመታለች፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፣ ድምፅ የለም፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ትመታለች። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ደህና ነው የሚለው ምልክት እንደበራ ነው። ስልኩ የሰርቨሩን መርዶ ገና አልሰማም!

ነገሩ እንዲህ ነው። የአይፒ ስልክ፣ ማለትም በኮምፒውተር ኔትወርክ የሚሠራው፣ በየጊዜው ለሰርቨሩ «አለሁ፣ እዚህ ነኝ» እያለ ይመዘገባል። የኛዎቹ የሚመዘገቡት በ3600 ሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት አንዴ ነበር። በመሀል ሰርቨሩ ቢሞት ስልኩ የሚያውቀው ሰው ሊደውልበት ሲሞክር ነው። ያኔም ቢሆን ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም። ሲፕ (ስልኮቹ ጥሪ የሚያስጀምሩበት ቋንቋ) በዩዲፒ (መልእክቱ መድረሱን በማያረጋግጥ የመላኪያ ዘዴ) ሲሄድ መልስ ያጣ ጥሪ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ ልዩነቱ 1፣ 2፣ 4 ሰከንድ እያለ በእጥፍ ያድጋል። ጥሪው የሚተወው በ32ኛው ሰከንድ ነው። የኛ ስልክ ወደ ተጠባባቂው የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነበር። ልጅቷ ግን 8 ሰከንድ ሳይሞላ ትዘጋዋለች። ማን ይፈርድባታል? በዘጋች ቁጥር ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ከውጭ የሚደወለውስ? እሱ ተጠባባቂው ጋ ይደርሳል። ግን አንድም ስልክ እዚያ አልተመዘገበም። ማንን ይጥራ?

መፍትሔው አዲስ ዕቃ መግዛት አልነበረም። ስልኮቹ ሁለቱም ሰርቨሮች ላይ በአንድ ጊዜ እንዲመዘገቡ አደረግኩ። ይህን የማይችሉትን አሮጌዎች ምዝገባቸውን ወደ 120 ሰከንድ አወረድኩ፣ የሚደጋግሙበትንም ቁጥር ቀነስኩ። ወደ 10 ሰከንድ ማውረድ ያጓጓል። ሁሉም ስልክ በየ10 ሰከንዱ ሲያንኳኳ ግን ደካማ ሰርቨር ይንገዳገዳል።

ከዚያ የዋናውን ሰርቨር ኬብል ነቅዬ ሞከርኩ። ሠራ! ደረቴን ነፋሁ። ለካ የሞከርኩት ኬብል መንቀል ብቻ ነው።

መብራት ጠፋ ብሎ ሲመለስ ሌላ ጉድ ፈላ። ሰርቨሮቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ላይ ናቸው። ስልኮቹ ግን ኃይል የሚያገኙት በኔትወርክ ኬብሉ ከስዊቹ፣ ማለትም ኬብሎቹ ሁሉ ከሚገናኙበት ሳጥን ነው። ስዊቹ ደግሞ ተራ ሶኬት ላይ ነበር የተሰካው። ሁሉም ስልክ ባንዴ ጠፍቶ ተነሣ። ሲነሣ አይፒ አድራሻ ይጠይቃል። አድራሻ የሚያድለው ራውተር ከስዊቹ ጎን ነበር፤ እሱም ጠፍቶ ገና እየተነሣ ነው። ይባስ ብሎ ስልኮቹ ላይ ሰርቨሮቹን የሞላሁት በስም ነበር፣ ስሙን ወደ አድራሻ የሚፈታውም ያው ራውተር። ተጠባባቂውን በዚያው ቀን በስም ፈንታ በአይፒ ቁጥሩ ሞላሁት።

ስዊቹንና ራውተሩን ዩፒኤስ ላይ ከማዞሬ በፊት ሒሳብ ሠራሁ። አንድ ስልክ 5 ዋት ቢበላ 24 ስልክ 120 ዋት ይበላል፣ የስዊቹ የራሱ ሳይቆጠር። በነገራችን ላይ ዩፒኤስ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ቪኤው (ቮልት-አምፒር፣ ከዋቱ ብዙ ጊዜ የሚበልጠው ቁጥር) ነው። ዋቱን በትንንሽ ፊደል ፈልጉት።

የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥ፣ ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ካለ የውስጥ ጥሪ አይነካም። ለውጭው በሲም ካርድ የሚሠራ ጌትዌይ (ጥሪውን ወደ ሞባይል ኔትወርክ የሚያሻግር ሳጥን) አስገባሁ። ድምፁ አያስመሰግንም፤ ግን ያስደውላል።

አሁን በወር አንዴ፣ ከአለቃዬ በቀር ለማንም ሳልናገር፣ የዋናውን ሰርቨር ኬብል እነቅላለሁ። ባለፈው ወር እንግዳ ተቀባይዋ ሳልፍ አየችኝና «ዛሬ ደግሞ ልትነቅለው ነው እንዴ?» አለችኝ። ከነቀልኩት 20 ደቂቃ ሆኖታል።